ዘይቱ የጠቆረበት ሰኔ

የልጅነት ትዝታቸውን የሚጽፉ ሰዎች አፍንጫ ያስቀናኛል። አንዱን ጤና አዳም ይሸተዋል፣ ሌላውን ዝናብ የነካው አፈር፣ ሌላዋን የእናቷ ነጠላ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሸቶት ሆዱ የባባ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላነበብኩም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ባለ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ፣ መካኒኩ ከአንድ የጭነት መኪና ሆድ ያረጀ ዘይት እያፈሰሰ ነበር። ያ ጥቁር፣ መረር ያለ፣ ምጣድ ላይ ያረረ ኑግ የመሰለ ሽታ ሲደርሰኝ መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

"ምን ፈለግሽ እናቴ?" አለኝ መካኒኩ።

"ምንም። እያሸተትኩ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝና፣ ፀሐዩ ነው ብሎ ይመስለኛል፣ ጥላ ወዳለበት በአገጩ ጠቆመኝ።

ትዝታን እንደ ማር የሚያወሩልኝን ሰዎች አላምናቸውም። ትዝታ ቅቤ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጣል፣ ከቀለጠ ደግሞ ሙዝ ለሚቀላቅልበት ሰው ይመቻል። እዚህ በምጽፈው ውስጥም ሙዝ የለም ብዬ አልምልም። ትራክተሩ ግን ነበረ።

ደርግ ወድቆ፣ የአንዳንድ የመንግሥት እርሻዎች ዕቃ በጨረታ በሚሸጥበት ዘመን፣ አባዬና ጎረቤታችን ጋሼ እንድሪስ የሁለቱንም ቤት በሬዎች ሸጠው አንድ ቀይ፣ አሮጌ ትራክተር በጋራ ገዙ። አንድም በሬ አላስቀሩም። የወረዳችን የቀወት ሰው ጉድ አለ። "በሬ ሲያረጅ ይታረዳል፤ ብረት ሲያረጅ ማን ይበላዋል?" ይሉን ነበር በየመንገዱ። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ትራክተሩ የሰኔው ዝናብ ከመግባቱ በፊት የሁለቱን ቤት መሬት ካላረሰ ማሽላው ሳይዘራ ይቀራል፤ ሁለቱ አባወራዎችም ሲስቁባቸው ከከረሙት ሰዎች ደጅ ቆመው በሬ ሊለምኑ ነው። ይህን እኔ እንኳ፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ አውቅ ነበር።

ትራክተሩ ሲመጣ ግን ስለዚህ ያሰበ ልጅ አልነበረም። ከኋላው ሰማያዊ ጭስ እየለቀቀ፣ መንደሩን በሙሉ እያሳለ ገባ። ጭሱ መልኩ ውብ ነበር። ከሰማይ ቆርሶ ያመጣው መስሎኝ እየሮጥኩ ገባሁበት።

"ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየጠጣ ነው ማለት ነው" አሉ ጋሼ እንድሪስ ከመሪው ላይ ሳይወርዱ።

ጋሼ እንድሪስ በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ረዳትነታቸው ጎማ ከማንከባለል ይለፍ አይለፍ የሚመሰክር ሰው ስላልነበረ የመንደሩ የሞተር ሊቅ እሳቸው ነበሩ። አባዬ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሮ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት የሚመስለው ሰው ነበር። ከትራክተሩ ጋር የመጣለትን መመሪያ አብዛኛውን ምስጥ ቀድሞት አንብቦታል፤ የተረፈውም በማናውቀው ቋንቋ ነው። ስለዚህ አባዬ ሳጥኑ ላይ በተጻፈና በሱቅ ሰው ቃል ማመን ጀመረ።

ጠቡ የተነሳው ዘይቱ ሲቀየር ነው።

"ይኼ ሞተር ሽማግሌ ነው" አሉ ጋሼ እንድሪስ። "ሽማግሌ ሆድ ውስጥ ቀጭን ነገር አይቆይም። ሃምሳ ቁጥር ነው የሚያዋጣው፤ ወፍራሙ።"

"ለናፍጣ ሞተር ተብሎ የተሠራ ዘይት እያለ ከበርሜል የተቀዳ ነገር ልናጠጣው ነው?" አለ አባዬ። "ባለሱቁ ቁጥሩ አሥራ አምስት አርባ ነው ያለኝ።"

"ባለሱቁ ትራክተር አለው?"

"የለውም።"

"በሬስ?"

"የለውም አልኩህ እኮ።"

"አየህ፣ የሚያጣው ነገር የለም።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደሚነሱ አውቃለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ በዚያው ዓመት ነበር የተነሳው። አባዬ ስለ አርባ ሲከራከር የትራክተሩ ክርስትና መስሎኝ አረፍኩ። ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የእስላም ጎረቤታችን የሆነ ትራክተር በማን ይነሳል የሚለው እኔንም አሳስቦኝ ነበር። ስለዚህ ጋሼ እንድሪስ ዘንድ ሄጄ በጨዋ ደንብ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ በእናንተ ሃምሳ ነው እንዴ?"

"ምኑ?"

"ክርስትናው።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው የትራክተሩን ጭቃ መከላከያ ይዘው ተንበረከኩ። ሳቃቸው ሲበርድ፣ "የማርሹ ዘይትማ ዘጠና ቁጥር ነው፤ እሷ ሴት ሳትሆን አትቀርም" አሉኝ። ይህን እስከ አራተኛ ክፍል አምኜ ኖሬያለሁ።

ሁለቱም በየፊናቸው ገዝተው መጡ። የጋሼ እንድሪስ ከበርሜል የተቀዳ፣ ወፍራም፣ ወርቅ የመሰለ። የአባዬ ከሱቅ የመጣ፣ ሁለት ቁጥርና የትራክተር ሥዕል ያለበት። ሁለቱ ጄሪካኖች ቁርቁራው ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ጎን ለጎን መቀመጥ ተዉ። ትራክተሩ ባዶ ሆዱን ቆሞ ውሎ አደረ። እናቴ ነገሩ ቢሰለቻት፣ ለቀልድ፣ "ለእትዬ አስካለ አታስቀምሷቸውም?" አለች። ወንዶቹ ቀልድ መሆኑን አላወቁም።

እትዬ አስካለ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። ሸዋ ሮቢት ገበያ ቅቤ ይነግዳሉ። ቅቤው ከጣርማ በር በላይ ካለው ደጋ ጠንክሮ ይነሳና ቆላው ሲደርስ ይቀልጣል። የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ደግሞ ማን ምን እንደጨመረ የሚያውቅ እግዜርና እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። ጣታቸውን ነክረው፣ በእጃቸው ጀርባ ቀብተው፣ አሽትተው፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አድርገው "ይኼ ንጹህ ነው፤ ይኼ የሆነ ነገር ገብቶበታል" ካሉ አለቀ፤ ይግባኝ የለም። ልክን ማወቅ የሚባለው ነገር አልፈጠረባቸውም። አንድ ጊዜ ቄሱን በቅዳሴ መሐል ሲያርሟቸው ሰምቻለሁ።

በርጩማ ቀረበላቸው። መንደሩ ከበባቸው።

"የሰኔ ጾም ላይ ነኝ" አሉ። "ከከብት የወጣ ነገር ከሆነ ከምላሴ አላደርሰውም።"

"ከመሬት ነው የሚወጣው፣ እትዬ" አለ አባዬ።

"ከመሬት የወጣ የጾም ነው። አንተስ እንድሪስ፣ ላንተ ይሆንልሃል?"

"ትራክተሩ ከተስማማው ለኔ ምን ይላል። አንቱ ብቻ በትክክል ይፍረዱ።"

ወርቃማውን ጣታቸው ላይ አንጠባጠቡት። በፀሐይ አዩት፣ ቀቡት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት፣ ተፉት። ጋሼ እንድሪስ ልጁ የሚፈተንበት አባት መስለው ነበር።

"መልኩ ያምራል። ጠረን የለውም። መልኩ አምሮ ጠረን የሌለው ነገር ገበያ ውስጥ ብዙ አይቻለሁ።"

የአባዬን ሲቀምሱ ፊታቸው ተጨማደደ።

"ይኼ ይጎመዝዛል። ይገማልም። ግን የሆነ ነገር አለበት፤ ባዶ አይደለም።" ሁለተኛ ተፉና ተነሱ። "ይኼን አጠጡት።"

ሁለት ቀን ሙሉ የቀመሱት ሁሉ ትራክተር ትራክተር እንዳላቸው በኋላ ነገሩን።

የአባዬ ዘይት ገባ። ትራክተሩ ሲነሳ እልልታ ቀለጠ፤ ታርሶ የተገለበጠው መሬት ላይ እኛ ልጆቹ እየተንከባለልን ዋልን። በማግስቱ ጋሼ እንድሪስ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው አወጡ። ዘይቱ ጥላሸት መስሏል። ከመስመሩም ጎድሏል። ዘንጉን ቀጥ አድርገው እንደያዙ በመንደሩ መሐል ሄዱ፤ ከየቤቱ ሰው ወጣ።

"እስቲ ፍረዱኝ" አሉ። "ዛሬ ገዝታችሁት ነገ የጠቆረ ቅቤ ትበላላችሁ?"

ማንም አይበላም። ቅቤ ከጠቆረ ተበላሽቷል፣ ማር ከጠቆረ ጭስ ነክቶታል፣ የኑግ ዘይት ከጠቆረ አርሯል። በዕድሜያቸው ያወቁት ቅባት ሁሉ እንዲህ ነበር፤ የሞተሩ ዘይት በየትኛው ሕግ ሊለይ ይችላል? አባዬ እንኳ አልተከራከረም። ያ ዘይት እንዳለ ተቀዳና የጎተራው እግሮች ላይ ተቀባ፣ ምስጥ እንዳይወጣባቸው። መመሪያውን ያነበቡት ምስጦች ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

ጉዱ የባሰው እትዬ አስካለ ላይ ነበር። ገበያ ላይ ደንበኞቻቸው ቅቤውን እየጠቆሙ፣ "እትዬ፣ ይኼኛው ለወጥ ነው ለትራክተር?" ይሏቸው ጀመር። እሳቸውም ኩርፊያቸውን ከነቅቤያቸው ይዘው ከኛ ቤት ቀሩ።

ወርቃማው ዘይት ገባ። እውነት ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ቀናት የጋሼ እንድሪስ ነበሩ። ጭሱ ቀነሰ። ዘይቱ አልጎደለም። ዘንጉ በወጣ ቁጥር ማር የመሰለ ነገር ይዞ ነው የሚወጣው፤ ጋሼ እንድሪስም ላየም ላላየም ያሳዩታል። አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ወፍራሙ ዘይት ማለዳ ሞተሩን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ባትሪውም አቅም የለውም። ስለዚህ በየጠዋቱ ትራክተሩን ቁልቁለቱ ላይ ገፍቶ ማስነሳት የመንደሩ ሥራ ሆነ።

በዓለም ላይ የተሻለ የጠዋት ሥራ አላውቅም። ሰውየው ከእርሻው፣ ሴትዮዋ ከውሃ መንገዷ፣ ልጁ ከፍየሎቹ ተጠራርቶ ይመጣል። ሲስቁብን የነበሩትም ይመጣሉ፤ ለነገሩ የሚመጡት ሊስቁ ነው፣ ግን ትከሻቸውን ሳያውሱ አይስቁም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፦

"ሽማግሌው ተኝቷል!"

"ቀስቅሰው!"

"ዕዳ አለብኝ ብሏል!"

"ንገረው፣ ምረነዋል!"

ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ ብረቱ ከእጃችን ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ያስነጥሳል፣ ይነሳል። የገፋነው ሁሉ በጭሱ ውስጥ ተቃቅፈን እንቀራለን። ዛሬ ስለ መቻቻል ስብሰባ ስጠራ ሁልጊዜ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ የማይነሳ ትራክተር አምጡ። እስካሁን ያመጣ የለም።

የኛ መሬት እኩሌታው ታርሶ ሳለ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ የዘይት ግፊቱን የሚያሳየው መርፌ ወደቀ። ጋሼ እንድሪስ ወዲያው አጠፉት። ዘንጉን አወጡ፤ ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ወርቅ ነው። የዘይቱን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈቱ። ከውስጡ የወጣው ዘይት አልነበረም። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ገንፎ በጣት የሚነሳ ጭቃ ነበር። አባዬና ጋሼ እንድሪስ አንዱ ዘንጉን፣ አንዱ ፊልትሮውን ይዘው ቆሙ። የአንዱ ወርቅ፣ የሌላው ጭቃ፤ ሁለቱም ከአንድ ሆድ ነው የወጡት። ከደጋው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

"ነገ ሊዘንብ ነው" አለ አባዬ። ድምፁን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እትዬ አስካለ ከወንዝ ልብስ አጥበው እየተመለሱ ነበር። ዘፍዝፈው ያጠቡትን እርጥብ ልብስ በጭንቅላታቸው እንደተሸከሙ እርሻው ዳር ቆሙ፤ ኩርፊያቸው እንዳለ ነው፣ ግን ጆሮ ኩርፊያ አያውቅም። ጭቃውን አዩ። ዘንጉን አዩ።

"ተሾመ" አሉ አባዬን። "ይኼ የምታርስበት ሱሪ ሲታጠብ ውሃው ምን ይሆናል?"

"እትዬ፣ አሁን የሱሪ ጊዜ ነው?"

"ምን ይሆናል ነው የምልህ።"

"ይጠቁራል።"

"ባይጠቁርስ?"

"ባይጠቁርማ አልታጠበም።"

"እንግዲህ።"

ከዚያ ወደ ጋሼ እንድሪስ ዞሩ። "ያ ጎተራ የቀባችሁበት ዘይት እያጠበ ነበር የጠቆረው። ይኼ ያንተው ግን እንደ ሙሽራ ነው፤ እድፉን ሳይነካ ቁጭ ብሎ ይውላል። እድፉስ የት ይሂድ? ይኸው።"

ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች "የአባቶችና የእናቶች ጥበብ" ይሉኛል። አልስማማም። እትዬ አስካለ ስለ ሞተር ምንም አያውቁም ነበር። ያንን ዘይት የመረጡት ስለጎመዘዛቸው ነው፤ ምክንያቱን ያገኙት ደግሞ ከብዙ ቀን በኋላ፣ ገበያ ላይ የተሳቀባቸውን ሳቅ የሚመልሱበት ነገር ሲፈልጉ፣ ሱሪ ውስጥ ነው። ስሙ እልህ ነው። እልህ ባይኖር ኖሮ ይህ አገር የሚያውቀው ነገር ግማሽ ይሆን ነበር።

ጋሼ እንድሪስ ፊልትሮውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን በአፈር አሽተው፣ ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሄዱ። ወደ ኋላም አላዩ። አባዬ ትራክተሩ ጥላ ሥር ተቀመጠ። "ሄደ በቃ" አለ። "ግማሹን ትራክተር እንዴት ብዬ ልካፈለው ነው?" እኔ የምንካፈለው ከየት እስከ የት እንደሆነ በዓይኔ መለካት ጀመርኩ፤ መሪው ለኛ እንዲደርስ ፈለግሁ። ደመናው ከደጋው ጫፍ ወርዶ ተራራውን እስከ ወገቡ ዋጠው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ እንድሪስ በጋሪ መጡ። ጠዋት ሱሪያቸው ላይ ያገለደሙት ሽርጥ የለም። ሽርጡ ጭናቸው ላይ፣ የሆነ ነገር ተጠቅልሎበት ተቀምጧል፣ እሳቸውም በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። በመንደሩ መሐል ሲያልፉ አንዷ ሴትዮ፣ "ጋሼ እንድሪስ፣ ሕፃን ነው እንዴ?" ስትላቸው፣ "አዎ፣ ተኝቷል፣ አትጩሂበት" እንዳሏት ተወርቷል።

ፊታችን ላይ ገለጡት። ጄሪካን ነው፤ የትራክተር ሥዕል አለበት። አባዬ አነበበው። ለናፍጣ ሞተር ይላል። ቁጥሩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሃምሳ።

"ዓይነቱ ያንተ ነው" አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ ወደ ሌላ ወገን እያዩ። "ያጥባል አሉ፤ ይጠብ። ቁጥሩ ግን የኔ ነው። ይኼ ሞተር ያረጀ ነው፣ አገሩም እሳት ነው፤ ቀጭኑን ይጠጣዋል አልኩህ፣ ጠጣው አልጠጣውም?"

"ጠጣው" አለ አባዬ።

"እንግዲያው።" ከኪሳቸው አዲስ ፊልትሮ አወጡ።

አባዬ የሚከራከርበት ነገር ሲፈልግ አየሁት። አላገኘም። ሊስቅ ሲልም አየሁት፤ ጋሼ እንድሪስ እንዳያዩት ጄሪካኑን ለመክፈት ጎንበስ አለ። ከአባዬ የመጀመሪያ ጄሪካን የተረፈውን ጨምረው ሞተሩን ጥቂት አሠሩት፣ እንደ ቀለም የጠቆረውን አፈሰሱት፣ ከዚያ ፊልትሮውን ቀይረው አዲሱን ሞሉት። እትዬ አስካለ በርጩማ አስመጥተው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። ማንም እንዲቀምሱ አልጠየቃቸውም፣ እሳቸው ግን ጣታቸውን ነክረው አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ማታና በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ታረሰ። መጀመሪያ የኛ። አባዬ "ያንተንም ጀምር እንጂ" ቢላቸው ጋሼ እንድሪስ "ተው፣ አታስቁመኝ፣ ሞተሩ ይቀየማል" ብለው የኛን እስከ ጥጉ ጨረሱ። ወደ እሳቸው መሬት ሲሻገሩ ደመናው ከራሳችን በላይ ነበር። መንደሩ ማረሻውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከፊሉ ዘር ይበትናል፣ ከፊሉ ያወራል፣ ልጆቹ ትኩስ የተገለበጠው አፈር ላይ እየወደቅን እንነሳለን። አፈሩ ከላይ ይፋጃል፣ ከሥር ይቀዘቅዛል። እናቴ ከዘር ቁና ጋር ታናሽ ወንድሜን አዝላለች፤ እትዬ አስካለ ጭቃ መከላከያው ላይ፣ ቀጥ ብለው፣ ጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ማን እንዳወጣቸው አላውቅም። የሚያወርዳቸው ግን አልነበረም።

አንድ ጥግ ሲቀር የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ፣ ትልቅ፣ አቧራውን የሚበሳ። ጋሼ እንድሪስ በድንገት ቆሙ። ሞተሩንም አጠፉት።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ አባዬ እየሮጠ። "ምን ያስጠፋሃል አሁን፣ እንድሪስ?"

እሳቸው ወረዱ። ዝናቡ የሞቀው ብረት ላይ ሲንጫጫ ብቻ ይሰማል። ዘንጉን መዘዙ፣ በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው ሰደዱት፣ ቀስ ብለው አወጡት። ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ አነሱት። ዘይቱ ከጫፉ እስከ መስመሩ ሙሉ ነው፤ መልኩ እንደ ከሰል ነው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ጋሼ እንድሪስ። "ጠቁሯል።"

ከቆመው ሰው እኩሌታው አሚን፣ እኩሌታው አሜን አለ፤ ከዚያ ሁላችንም ልንገፋ ወደ ኋላው ዞርን።